ከኋላ የሚመጣ ድምፅ

ድምፁን ከልጄ በፊት የሰማሁት እኔ ነኝ። አንድ ቅዳሜ ማታ ከአሌክሳንድሪያ ወደ ቤታችን እየተመለስን ነበር። እሱ ይነዳል፣ እኔ ጉልበቴን አጥፌ አጠገቡ ተቀምጫለሁ። መኪናዋ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ ቀይ ማዝዳ ሚያታ ናት። ፍጥነታችን በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ ከመቀመጫችን ኋላ፣ ከወለሉ በታች፣ ቀጭን ፉጨት ተነሣ። ልጄ እግሩን ከቤንዚን ላይ ሲያነሣ ፉጨቱ ወደ ጉርምርምታ ተለወጠ። እንደገና ሲረግጥ ተመለሰ።

ልጄ ሙዚቃ ከፍቶ ስለነበር አልሰማም። እኔ ግን አሥራ ሰባት ዓመት ጋራዥ ውስጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ድምፁ ከዲፈረንሻሉ እንደሚመጣ፣ ከዲፈረንሻሉም ከየትኛው ክፍል እንደሆነ አወቅሁ። አንድ ቃል ሳልተነፍስ ቤት ደረስን። ለምን ዝም እንዳልኩ እመለስበታለሁ፤ ለመናገር ቀላል ስላልሆነ ነው የማዘገየው።

ወደ አሜሪካ ከመምጣቴ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ መካኒክ ነበርኩ። የጀመርኩት ቁልፍ አቀባይ ሆኜ ነው። አለቃችንን «ጋሼ» ብቻ እንላቸው ነበር፤ በስማቸው ለመጥራት የሚደፍር አልነበረም። ጋሼ የሚታወቁት በጆሯቸው ነው። የላዳ ታክሲ ሾፌር መጥቶ «ከኋላ ይጮህብኛል» ሲላቸው፣ መኪናውን በክሪክ አስነሥተው ጎማዎቹ በማርሽ እንዲሽከረከሩ ያደርጋሉ። ከዚያ የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ዲፈረንሻሉ ላይ ያሳርፉና እጀታውን ጆሯቸው ላይ ይደግፋሉ። «ኩሽኔታ ነው» ወይም «ጥርስ ነው» ይላሉ፤ ሲከፈት ተሳስተው አላየሁም። እኛ ጀማሪዎቹ ደግሞ እርሳቸው ሻይ ሊጠጡ ሲወጡ ያንኑ ካቻቢቴ አንሥተን ተራ በተራ ጆሯችን ላይ እንደግፍ ነበር።

እዚህ ቨርጂኒያ ከመጣሁ በኋላ ሙያዬን ትቼ ታክሲ ነዳሁ። ብዙዎቻችን እንዲሁ ነን። ልጄ የተወለደው እዚሁ ነው። አማርኛ ይሰማል፣ ይናገራልም፤ ብቻ ሲናደድ እናቱን «አንተ» ይላታል። በ22 ዓመቱ ሥራ ይዞ ያጠራቀማትን ገንዘብ አውጥቶ ይህችን መኪና ሲገዛ እኔ ለሁለተኛ ዲግሪው ያስቀመጣት መስሎኝ ነበር። ባለቤቴ ግቢያችን ውስጥ ቆማ አየቻትና «ይህ መኪና ነው ወይስ ጫማ?» አለች። እኔ አልሳቅሁም። ከዕለታት በኋላ ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ሰፋፊ የመኪና ማቆሚያ ሜዳዎች ላይ እንደሚወዳደርባት ሰማሁ። ያን ጊዜ ከናካቴው ፊቴን አዞርኩ። መኪናዋን እንዳይለኝ፣ ስለ እርሷ እንዳይጠይቀኝ ነገርኩት። እሱም እሺ አለ፤ አልጠየቀኝም።

ዲፈረንሻል ምን እንደሆነ ለማታውቁ አንባብያን ከአውድማ ልጀምር። በሬዎች እህል ሲያበራዩ አስታውሱ። በመሐል ያለው በሬ በቦታው እንደ መዞር ይላል፤ በዳር ያለው ግን ሰፊውን ክብ ለመጨረስ ሊሮጥ ምንም አይቀረው። የመኪና ጎማዎችም ኩርባ ላይ እንዲሁ ናቸው፤ የውጩ ጎማ ከውስጡ ይልቅ ረጅም መንገድ ይሄዳል። ሁለቱ በአንድ ግትር ብረት ቢታሰሩ አንዱ እየተጎተተ ጎማ ይበላል፣ መኪናውም መታጠፍ እምቢ ይላል። ዲፈረንሻል ሁለቱን በተለያየ ፍጥነት ያዞራቸዋል። ከዚህ ሌላ ከሞተሩ በረጅሙ ዘንግ የመጣውን ኃይል ወደ ግራና ቀኝ አጥፎ ለጎማዎቹ ያደርሳል። በዘንጉ ጫፍ ያለች ትንሽ ጥርስ፣ ፒኞን የምንላት፣ ትልቁን ክብ ጥርስ ትነዳለች። በእርሱ ማቀፊያ ውስጥ ደግሞ ጎማዎቹ ሲለያዩ ብቻ የሚዞሩ ትናንሽ ጥርሶች አሉ።

በነገራችን ላይ አዲስ አበባን የሞሉት ቪትዝና ያሪስ በፊት ጎማ ስለሚነዱ ዲፈረንሻላቸው ከካምቢዮው ጋር በአንድ ቤት ውስጥ ነው። ከኋላ የተንጠለጠለውን ዱባ የመሰለ ብረት የምታዩት በሚኒባሶች፣ በፒካፖችና በአይሱዙዎች ሥር ነው። የልጄ መኪናም እንደነሱ በኋላ ጎማ ትነዳለች፤ የጥንት የስፖርት መኪና ወግ ነው።

አሁን ትንሽ ቁጥር ልጥቀስ። ሚያታ ለሕዝብ የታየችው እ.ኤ.አ. በ1989 በቺካጎ የመኪና ትርኢት ላይ ነው። የልጄ እ.ኤ.አ. በ1991 የተሠራች ናት፤ ሞተሯ 1.6 ሊትር፣ ጉልበቷ 116 የፈረስ ጉልበት፣ ክብደቷ አንድ ቶን እንኳ የማይሞላ። የሞተሩን የመጠምዘዝ ኃይል ለመገመት አንድ ሜትር እንጨት አግድማችሁ ጫፉ ላይ 14 ኪሎ ግራም አንጠልጥሉ። ያ ኃይል በአንደኛ ማርሽ ካምቢዮው ውስጥ ሲያልፍ ከሦስት እጥፍ በላይ ይበዛና ዲፈረንሻሉ ደጃፍ ሲደርስ 43 ኪሎ ይሆናል። ዲፈረንሻሉ ራሱ በ4.3 አብዝቶ ለጎማዎቹ ሲያካፍል 185 ኪሎ ገደማ ነው። ይህን ሁሉ የሚሸከመው ክብ ጥርስ ስፋቱ 6 ኢንች፣ ማለትም 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ከሻይ ሳህን እምብዛም አይበልጥም።

ለተሠራበት ሥራ ግን ይበቃል። ጥፋቱን በሠሪው ላይ የምትጭኑ ካላችሁ እኔ አልስማማም። በሰላም ለተነዳች ሚያታ ያው ዲፈረንሻል ሠላሳ ዓመት ሲያገለግል ይታያል። ከላይ የቆጠርኳቸው ኪሎዎችም ፍሪሲዮን በዝግታ ሲለቀቅ የሚመጡ ናቸው። ሞተሩን በ5,000 ዙር እያስጮኹ ፍሪሲዮኑን በአንድ ጊዜ ቢለቁት ሲሽከረከር የነበረው ከባድ ብረት ያለውን ሁሉ በቅጽበት ወደ ኋላ ይወረውራል። ያን ጊዜ ሸክም መሆኑ ይቀርና የመዶሻ ምት ይሆናል።

የእኛ ላዳዎች ለምን እንደሚኖሩ ያኔ ጋሼን ጠይቄያቸው ነበር። ከስድስት ኪሎ ሽሮ ሜዳ ድረስ ያን ዳገት ከነተሳፋሪው ከነኬሻው ቀኑን ሙሉ የሚወጣ መኪና፣ እንዴት ጥርሱ አይረግፍም? ታክሲ ነጂ የራሱን እንጀራ አይረግጥም አሉኝ። ፍሪሲዮኑን የሚለቀው እንቁላል ላይ እንደቆመ ሰው ነው። የሚጮሁት ላዳዎች ብዙ ነበሩ፤ ለዓመታት እየጮሁ ይሠሩም ነበር። ተሰብረው የሚመጡት ግን ጭቃ ውስጥ ሲሽከረከሩ ቆይተው በድንገት ደረቅ መሬት የነከሱት ናቸው።

ልጄ ሲወዳደር አንድ ጊዜ ብቻ ሄጄ አይቻለሁ፤ ባለቤቴ ጎትታኝ። ሜሪላንድ ውስጥ ትልቅ የመኪና ማቆሚያ ሜዳ ላይ ብርቱካንማ ቆብ የመሰሉ ምልክቶች ተደርድረዋል። መኪኖቹ አንድ በአንድ ይገባሉ፣ ሾፌሮቹ የራስ ቁር አድርገዋል፣ የሚገጩት ቢኖር ያንኑ የፕላስቲክ ቆብ ነው። አንዱ ዙር አንድ ደቂቃ አይሞላም። ከመግባታቸው በፊት ፍሬን፣ ጎማ፣ የጎማ ብሎን፣ የባትሪ ማሰሪያ ይታያል። እውነቱን ለመናገር፣ የፈራሁትን የጎዳና እሽቅድምድም ጠብቄ የሄድኩ ሰው አፈርኩ። ግን ሲነሣ አየሁት። ሞተሩን አስጮኸ፣ ፍሪሲዮኑን ለቀቀ፣ የኋላ ጎማዎቹ መሬቱን ሳይለቁ እየዘለሉ ተንቀጠቀጡ። እያንዳንዱ ዝላይ ዲፈረንሻሉ ላይ አንድ መዶሻ ነው። ጥርሴን ነከስኩ።

ጎማዎቹን ጎንበስ ብዬ ስነካቸው እንደ ማስቲካ ይጣበቃሉ። ለውድድር የሚሠራ ለስላሳ ጎማ ነው። ሰው መኪናውን ያጠነከረ እየመሰለው የሚያደክመው እዚህ ላይ ነው። ተራ ጎማ ኃይል ሲበዛበት ይንሸራተታል። መንሸራተቱ እንደ ቤት ፊውዝ ነው፤ እሱ ሲቃጠል ሌላው ይተርፋል። የማይንሸራተት ጎማ ስትገጥም ፊውዙን አውልቀህ ሽቦ አሠርክበት ማለት ነው። ምቱ የግድ የሆነ ቦታ መድረስ ስላለበት ቀጣዩን ደካማ ነገር ይፈልጋል። ልጄ ይባስ ብሎ ከጓደኛው ጋር ሆኖ ቱርቦ ገጥሞላታል፤ ጉልበቷ ወደ 180 ተጠግቷል። የሻይ ሳህኗ ግን ያችው ናት።

የኩርባው ነገር ደግሞ አለ። መኪና በኃይል ሲታጠፍ የውስጡ ጎማ ይቀልላል፣ ኃይሉም በቀለለው በኩል ይፈስና ጎማው በከንቱ ይሽከረከራል። ያኔ ለዝግታ የተሠሩት ትናንሽ ጥርሶች በሚያስፈራ ፍጥነት ይዞራሉ። የሚያድናቸው ዘይት ብቻ ነው። የልጄ ዲፈረንሻል የሚይዘው ዘይት አንድ ሊትር እንኳ አይሞላም። በረጃጅም የውድድር ሜዳዎች፣ ለምሳሌ ከዚህ ብዙም በማይርቀው በዌስት ቨርጂኒያው ሰሚት ፖይንት፣ 3.2 ኪሎ ሜትሩን ደጋግመው ሲዞሩ ያ ጥቂት ዘይት ይቃጠላል። ዲፈረንሻል እንደ ሞተር ራዲያተር የለውም፤ የሚቀዘቅዘው ከሥሩ በሚያልፈው ነፋስ ነው። ብርቱዎቹ ተወዳዳሪዎች ፓምፕና ማቀዝቀዣ ይጨምሩለታል፣ ዘይቱንም ቶሎ ቶሎ ይቀይራሉ።

ያን ቅዳሜ ማታ ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ስንረግጥ የሚያፏጭ፣ ስንለቅ የሚያጉረመርም ከሆነ ፒኞኗና ትልቁ ጥርስ በሚገባቸው ቦታ እየተገናኙ አይደለም። አብሮ ያለማቋረጥ የሚያጓራ ድምፅ ካለ የፒኞኗ ኩሽኔታ ነው። ኩርባ ላይ ብቻ ቀጭ ቀጭ ቢል ትናንሾቹ ጥርሶች ናቸው። ሲነሣና ሲቆም «ጓ» ካለ በጥርሶቹ መካከል ክፍተት በዝቷል። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሰምቻለሁ። ጋሼ ቢሆኑ «ዛሬ እንዳትነዳው» ይሉ ነበር።

ዝም አልኩ። ምክንያቴም ይህ ነው፦ ይሰበር አልኩ። መንገድ ዳር ያቆመዋል፣ የሚያሠራበት ገንዘብ አይኖረውም፣ ይሸጣታል፣ ነገሩ ያልቃል። እኔ ክፉ ቃል ሳልናገር፣ እሱም ሳይቀየመኝ። ብልህ የሆንኩ መሰለኝ። ለባለቤቴ እንኳ አልነገርኳትም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ ከሰዓት፣ ስልኬ ጮኸ። «አባዬ፣ ደህና ነን» አለ ገና ከመጀመሪያው። «ነን» ሲል ሆዴ ባባ፤ ታናሽ እህቱን ይዟት እንደሄደ ረስቼ ነበር። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ከውድድሩ ሲመለሱ ወደ አውራ መንገዱ በሚያስገባው ጠመዝማዛ ላይ በሁለተኛ ማርሽ ረገጠው፤ ከኋላ እንደ ጥይት የሚጮህ ነገር ተሰማ፣ የኋላ ጎማዎቹ ለቅጽበት ተያዙ፣ መኪናዋ ተሽከርክራ ፊቷን ወደመጣችበት አዙራ ሣር ላይ ቆመች። ከኋላ የሚመጣ መኪና አልነበረም። ይህ ብቻ ነው ያተረፋቸው።

ስደርስ ልጄ መንገድ ዳር ቁጭ ብሏል፣ እህቱ ጃኬቱን ለብሳ ከጎኑ አለች። እሱ የተናደደው በራሱ ላይ ነበር። «የሆነ ነገር መስማት ነበረብኝ» ይላል ደጋግሞ። እህቱ ዝም ብላ ታየኛለች። ያን ጊዜ ነው የተናገርኩት፤ እዚያው መንገድ ዳር፣ መኪኖች ሽው እያሉ። «እኔ ሰምቼው ነበር» አልኩት። መቼ እንደሰማሁት ነገርኩት፣ ለምን ዝም እንዳልኩም ነገርኩት።

ለረጅም ጊዜ አልመለሰልኝም። ከዚያ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ተናገረ፤ አልጽፈውም። ተገቢ ነበር።

ሁለት ሳምንት አላናገረኝም። ባለቤቴ ደግሞ ታናግረኝ ነበር፤ ያ የባሰ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት የድሮ ቱታዬን ከሣጥን አውጥቼ ለብሼ ጋራዣችን ውስጥ ገባሁ። መኪናዋ በተጎተተችበት ቆማለች። የመኪናዋን ጀርባ አነሣሁና አራት ማዕዘን የብረት ማቆሚያ ላይ አሳረፍኳት፤ በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር ሰው አይገባም። ዘይቱን ከፍቼ ሳወርድ እንደ ግራጫ ሊጥ ሆኖ ወጣ፤ በማግኔቱ ቡሽ ላይ የጥርስ ስባሪ ተጣብቆበታል። ደቃቅ ግራጫ ዱቄት ቢሆን ኖሮ የዕድሜ ነው እል ነበር። ስባሪ ግን ሌላ ነው። ብድግ ስል ልጄ በሩ ላይ ቆሟል።

«አሳየኝ» አለ።

ሥራው አራት ቅዳሜ ፈጀ። ማዝዳ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1994 ሚያታን 1.8 ሊትር ሞተር ሲያደርግላት የዲፈረንሻሏን ክብ ጥርስ ከ6 ወደ 7 ኢንች አሳድጎታል። አንድ ኢንች ማለት ቀላል አይደለም፤ ጥርሶቹ ይወፍራሉ፣ ኩሽኔታዎቹም ይተልቃሉ። ደግነቱ አዲሱ ዲፈረንሻል በአሮጌው ቦታ ይገባል። ብቻ ረጅሙንም ዘንግ፣ የግራና ቀኝ የጎማ ዘንጎችንም ከዚያው ከ1.8ቱ መውሰድ ያስፈልጋል፤ ይህን ያልጠየቀ ሰው ዲፈረንሻሉን ብቻ ገዝቶ መሐል ሥራ ላይ ይቆማል። ከተጋጩ መኪኖች መሸጫ አንድ ሙሉ አገኘን። እዚያ ስንዞር ለልጄ ስለ ሶማሌ ተራ ነገርኩት፤ አላመነኝም።

ያገኘነው ቶርሰን የሚባለው ዓይነት ነበር። አሜሪካዊው ቨርነን ግሊስማን በ1958 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ሥራ ነው። ውስጡ ጠመዝማዛ ጥርሶች እርስ በርስ ስለሚያያዙ አንዱ ጎማ ሲቀል ኃይሉን ወደ ሌላው ይገፋሉ፤ ጎማው በከንቱ አይሽከረከርም። አንድ ጎማ ጨርሶ ከመሬት ቢነሣ ግን ጥቅሙ ይቀንሳል። ልጄ ይህን ከእኔ በተሻለ ያውቀዋል፤ እሱ ሲያስረዳኝ ካቻቢቴ እያቀበልኩት ሰማሁ።

ሁለት ነገር ግን እኔ አስተማርኩት። አንደኛው፣ ዘይት ከማውረድህ በፊት መሙያውን ቡሽ ክፈት። መሙያው ዝጎ እምቢ ቢልህና ማውረጃውን ቀድመህ ከፍተህ ብትሆን ባዶ ዲፈረንሻል ይዘህ ትቀራለህ። ሁለተኛው የፍጥነት መለኪያው ነው። አዲሱ ዲፈረንሻል በ4.3 ፋንታ በ4.1 ነው የሚያበዛው። መለኪያው ኬብል ደግሞ ከካምቢዮው ስለሚነሣ ለውጡን አያውቅም፤ 100 ሲያሳይ መኪናዋ 105 ትሄዳለች። ልጄ «አባዬ፣ አምስት ኪሎ ሜትር ምን ትሆናለች?» አለኝ። እኔ ካምቢዮው ላይ ያለችውን ትንሿን የመለኪያ ጥርስ ሳንቀይር መኪናዋ ከቤት አትወጣም አልኩ። ተከራከርን፤ ተቀየረች።

የድኝ ሽታ ያለውን ወፍራሙን ዘይት ስንሞላ ባለቤቴ አፍንጫዋን ይዛ ቡናውን ግቢ ውስጥ አፈላችው።

የመጀመሪያውን ዙር አብረን ወጣን። እሱ ይነዳል። ሙዚቃውን ሳልጠይቀው አጠፋው። በ90 ረገጠ፣ ለቀቀ፣ እንደገና ረገጠ። መስኮቱን ዘጋሁና ጆሮዬን ወደ ኋላ አዘነበልኩ።

«ምን ትሰማለህ?» አለኝ።

«ቆይ» አልኩት። «አንዴ ድገመው።»